የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ሲል ሳንባ ላይ ኖዱል ቢታይ፦ አማራጮቹን ለማነጻጸር የሚረዳ መመሪያ

ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረና ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው በጎጃም ገጠር ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል፤ ሥር ይማስለታል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ እንዲህ እየተባለ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። ቢጫነቱ ሕመም ሳይኖረው እየጸና፣ ሰውየውም እየከሳ ሲሄድ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። አልትራሳውንዱ የሐሞት ቱቦው መስፋቱን፣ ሲቲ ስካኑም በቆሽት ራስ ላይ እብጠት መኖሩን ያሳያል። እብጠቱ ዋና ዋናዎቹን የደም ሥሮች ካልያዘና ጉበት ላይ ምንም ካልታየ ቤተሰቡ «በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል» የሚለውን ቃል ይሰማል። ይህ እንዲያው የሚገኝ ዕድል አይደለም፤ የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች መካከል እንዲህ የሚባልላቸው ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በዚያው ሰሞን ግን የደረት ሲቲ ውጤት ይመጣና አንድ መስመር ይገኝበታል፦ በቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ምንነቱ ያልተለየ ኖዱል፣ ማለትም ትንሽ ክብ መሰል ነጥብ።

ከዚህ መስመር በኋላ አምስት መንገዶች አሉ፦ ኖዱሉን መዝግቦ ወደ ቀዶ ሕክምናው መግባት፣ ኬሞቴራፒን አስቀድሞ ከዚያ በኋላ ሳንባውን እንደገና ማንሳት፣ ጥቂት ሳምንታት ጠብቆ ሲቲውን መድገም፣ ከኖዱሉ ናሙና ወስዶ ማረጋገጥ፣ ወይም ቀዶ ሕክምናውን መተው። አምስቱ ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። አቋሜም ከመነሻው ቢታወቅ ይሻላል፦ ቲቢ ለብዙ ዘመን በኖረበት አገር ትንሽና ነጠላ ኖዱል ብቻውን፣ ሊወጣ የሚችልን የቆሽት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና ሊያስቀር አይገባም። ከዚህ ውጭ ባሉት ሁኔታዎች ላይ ግን ምርጫው በኖዱሉ መጠንና መልክ፣ በካንሰሩ ጠባይ፣ በታካሚው አቅምና በአካባቢው በሚገኘው አገልግሎት ይወሰናል፤ የመጨረሻው ቃልም ፊልሙን ከታካሚው ጋር አይቶ ከሚያክመው ሐኪም ጋር የሚነጋገሩበት ነው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ የሚያሳስተው ነገር

በአማርኛ «ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። የራዲዮሎጂ ውጤቱን በስልክ ለዘመድ የሚያስረዳ ልጅ «ሳንባው ላይም ነቀርሳ አለ» ካለ፣ አንዱ ዘመድ ካንሰሩ ተሠራጭቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ቲቢ ነው ብሎ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊያስጀምር ይነሣል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ከሁለቱ አንዱንም አይልም። ኖዱል ማለት በሳንባ ውስጥ የሚታይ፣ ስፋቱ ከ30 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክብ መሰል ነጥብ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ እብጠት ይባላል። መጠኑን በእህል ማሰብ ይቀላል። 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የምስር ፍሬ ያህል ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር ሽምብራ ያክላል፤ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ ባቄላ ይጠጋል። ምስርና ባቄላ በሳንባ ውስጥ የሚሰጡት ትርጉም እጅግ የተራራቀ ነው።

የነጥቡ ምንጭ የቀድሞ ቲቢ የተወው ጠባሳ፣ በሳንባ ውስጥ ያለ ጤናማ ንፍፊት፣ የሌላ ልክፍት ቅሪት፣ በራሱ የጀመረ የሳንባ ካንሰር ወይም ከቆሽት የመጣ ሥርጭት ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ብዙ የቆሽት ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች የታካሚዎቻቸውን ፋይል መለስ ብለው ሲያጠኑ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የደረት ሲቲ ከተነሡት ውስጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ እንዲህ ያሉ ምንነታቸው ያልተለየ ትንንሽ ኖዱሎች አግኝተዋል፤ ኖዱል እያለባቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም ኖዱል ከሌላቸው ያነሰ ዕድሜ አልኖሩም። እነዚያ ሆስፒታሎች ያሉት በአብዛኛው ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫናቸው ከፍተኛ ነው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ትንሿ ነጥብ የቀድሞ ጠባሳ የመሆኗ ነገር ይበልጥ እንጂ አያንስም።

መልኳም ይናገራል። መሃሉ ላይ ወይም ሙሉ በሙሉ ካልሲየም ያዘለ ኖዱል የዳነ ቁስል ነው፤ ከሳንባ ክፍሎች መለያ መስመር ጋር የተጣበቀና ሦስት ማዕዘን የሚመስል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ንፍፊት ነው፤ በላይኛው የሳንባ ክፍል፣ ከጠባሳ ክሮች ጋር ተያይዞ የሚታየው ወደ ቀድሞ ቲቢ ያደላል። ከሌላ አካል የመጣ ሥርጭት ግን ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ብዙ፣ በሁለቱም ሳንባ የታችኛው ክፍልና ወደ ጠርዝ የሚበዛ ነው። ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የቆሽት ሥርጭት አንዳንዴ መሃሉ ባዶ ሆኖ ቲቢን መስሎ ይቀመጣል። ሌላም የሚረዳ ነገር አለ፦ የቆሽት ደም በፖርታል ሥር በኩል ወደ ጉበት ስለሚሄድ ካንሰሩ ሲሠራጭ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያርፈው በጉበትና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ነው። ጉበቱ ንጹሕ ሆኖ ሳንባ ብቻ የተያዘበት ሁኔታ አለ፤ ግን ያንሳል። ስለ ሳንባው ከመጨነቅ በፊት የጉበቱ ምስል በደንብ መነበቡን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ የቀድሞ ፊልምና የቲቢ ጥያቄ

ከሁሉም የሚረክሰውና ከሁሉም የበለጠ የሚያስረዳው ምርመራ፣ ከዚህ በፊት የተነሣ የደረት ፊልም ነው። ሰውየው ከአምስት ዓመት በፊት በሳል ምክንያት በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ራጅ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ፊልሙ ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከሣጥን ሥር ሊገኝ ይችላል። ራጅ ትንንሽ ኖዱሎችን ስለማያሳይ የቀድሞ ሲቲ ቢገኝ ይመረጣል፤ ሆኖም ካልሲየም የያዘ ጠባሳ በራጅም ይታያል። ጠጣር ኖዱል ሁለት ዓመት ሙሉ መጠኑ ካልተለወጠ ካንሰር አይደለም ለማለት ይበቃል። ቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ደብተሩንና ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አሮጌ ፊልሞችን ሁሉ ጠቅልሎ ቢያመጣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሌሊት ይተርፋል።

ሁለተኛው የቲቢ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ገጽታም አለው። አንደኛው ገጽታ ግልጽ ነው፦ ሳል፣ ላብ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ከቲቢ ታካሚ ጋር የኖረ ሰው አክታው በጂን ኤክስፐርት መመርመር አለበት፤ ማሽኑ ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ነገር ግን ነጠላና የተዘጋ ኖዱል ያለበት ሰው አክታው ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ «አክታው ነጻ ነው» ማለት «ኖዱሉ ቲቢ አይደለም» ማለት አይደለም። ይህን ያዩ አንዳንዶች «እስቲ በሙከራ የቲቢ መድኃኒት እንስጠውና እንየው» ይላሉ። በቆሽት እብጠት ምክንያት ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሰው ላይ ይህ አደገኛ ሐሳብ ነው። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው፤ ሐሞቱ ታግቶ ጉበቱ በተጨነቀበት ሰዓት ማስረጃ ሳይኖር መጀመራቸው ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ያስተጓጉላል።

ሁለተኛው ገጽታ የሚረሳ ነው። ቲቢ ራሱ በቆሽትና በዙሪያው ባሉ ንፍፊቶች ላይ ተቀምጦ ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል። ታካሚው በዕድሜ ለጋ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ በሆዱ ውስጥ መሃላቸው የሞተ ንፍፊቶች ከታዩ ወይም በምርመራ ኤችአይቪ ከተገኘበት፣ የሳንባው ነጥብና የቆሽቱ እብጠት ሁለቱም የአንድ ቲቢ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ከቆሽቱ ወይም ከንፍፊቱ ናሙና ሳይወሰድ ወደ ትልቁ ቀዶ ሕክምና መሮጥ፣ በስድስት ወር መድኃኒት ሊድን የሚችልን በሽታ በቢላ ማከም ይሆናል።

ለቆሽት ካንሰር የሚታየው የደም ምርመራ ሲኤ 19-9 ይባላል፤ መደበኛ ወሰኑ እስከ 37 ዩኒት ነው። ሐሞቱ በታገተ ሰው ላይ ካንሰር ሳይጨመርበትም ከፍ ስለሚል፣ ቢጫነቱ ከቀነሰ በኋላ የተለካው የበለጠ ይታመናል፤ ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ደግሞ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር ስለማያመርቱ ዝቅተኛ ቁጥር ሁሌ ደኅንነት አይደለም። ሐሞቱ ከወረደ በኋላም ቁጥሩ በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች ሆኖ ከቆየ፣ በምስል ያልታየ ሥርጭት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤ ያኔ የሳንባው ነጥብ ሚዛን ይከብዳል።

በዚህ ክፍል መጨረሻ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። በብዙ ውጤቶች ግርጌ «በ12 ወር ይደገም» ወይም «ክትትል አያስፈልገውም» የሚል ምክር ይገኛል። ምክሩ የሚቀዳው ፍላይሽነር የተባለው የደረት ምስል ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ካደሰው መመሪያ ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጣር ኖዱል አስጊ ሁኔታ በሌለበት ሰው ላይ መደበኛ ክትትል አያሻውም የሚለው እርሱ ነው። መመሪያው ግን ካንሰር እንዳለባቸው በታወቁ ሰዎች ላይ እንደማይሠራ ራሱ ይናገራል። የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው የሳንባ ክትትል የሚለካው በካንሰሩ የጊዜ ሰሌዳ ነው፣ በጤነኛ ሰው ሰሌዳ አይደለም።

አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ወይስ ኬሞ አስቀድሞ?

እውነተኛው ፉክክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ ይገባቸዋል።

ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጸም ይችላል። አንደኛው ካንሰሩ ሳንባ የደረሰበትን ሰው ቀዶ ማድረግ ነው፤ ዋጋው ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ የሳምንታት ማገገሚያና ጥቅም ሳያገኙ ያለፈ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ነጥቡ ጠባሳ ሆኖ ሳለ ሰውየውን ከቀዶ ሕክምና ማስቀረት ነው፤ ዋጋው የመዳን ብቸኛ ዕድሉ ነው። ካንሰሩ በእርግጥ በሳንባ ብቻ ተሠራጭቶ ቢገኝ እንኳ፣ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ጉበታቸው ከተያዘባቸው የረዘመ ጊዜ እንደሚኖሩ ይታወቃል። የመጀመሪያው ስሕተት ያመዝናል ብሎ በትንሽ ነጥብ ምክንያት በር መዝጋት የማልስማማበት በዚህ ሚዛን ነው።

የቀዶ ሕክምናውን ክብደትም ማቃለል አይገባም። ለቆሽት ራስ ካንሰር የሚደረገው ዊፕል የሚባለው ቀዶ ሕክምና የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞት ቱቦውን ክፍል፣ አንዳንዴም የጨጓራውን ጫፍ አንድ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ ቆሽቱ፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ። ብዙ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምናው ሳቢያ የሚሞተው ከ100 ሰው ከ5 ያነሰ ነው፤ አልፎ አልፎ በሚሠራበት ቦታ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በጥሩ ቦታም ቢሆን ከ10 ታካሚዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ የቆሽት ፈሳሽ ማፍሰስን የመሰለ እክል ይገጥማል። ስለዚህ «ቀዶ ይደረግ» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» የሚል ነው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ቀዶ ሐኪም አይከፋበትም። መልሱ ባሕር ዳር ላይ ካላረካ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር መጠየቅ ይቻላል።

ቀዶ ሕክምናን አሁኑኑ መምረጥ የሚስማማው ኖዱሉ የምስር ያህል ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን፣ የቆሽቱ እብጠት ከደም ሥሮቹ በግልጽ ሲርቅ፣ ሲኤ 19-9 እጅግ ከፍ ሳይል፣ ታካሚውም አካሉ ጠንካራ ሆኖ ሲገኝ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሐሞቱን ለማውረድ ብቻ ሌላ ሂደት ውስጥ አለመግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ቢጫነታቸው እጅግ ያልከፋ ታካሚዎች በቀጥታ ቀዶ ሲደረግላቸው ከባድ እክል የገጠማቸው 39 በመቶ፣ አስቀድሞ ስቴንት (ሐሞቱን የሚያወርድ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸው ከሳምንታት በኋላ ቀዶ ሲደረግላቸው ግን 74 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ኖዱሉን አይረሳውም፤ የቀዶ ሕክምናው ዕለት ያለው ሲቲ መነሻ ይሆናል። ሲቲው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ የተነሣ መሆን አለበት፤ ወረፋው ከዘገየ መድገም ይገባል።

ኬሞን ማስቀደም ሌላ ዓይነት ብልኃት አለው። ካንሰሩ ከተሠራጨ መድኃኒት ወደ መላው ሰውነት ስለሚደርስ ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀን ሥርጭቱንም ይነካል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ሲቲው ሲደገም ደግሞ የካንሰሩ ጠባይ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉበት ላይ አዲስ ነገር ያወጣ ካንሰር፣ ቀዶ ቢደረግለትም ኖሮ ያወጣው ነበር። የደም ሥር የተጠጋ እብጠት ላለበት፣ ኖዱሉ ሽምብራ የሚያክል ወይም ብዙ ለሆነበት፣ ሲኤ 19-9 ከፍ ላለበት ሰው የምመርጠው ይህን ነው።

ለጎጃም ታካሚ ግን መንገዱ ሦስት ሸክም ያመጣል። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ካንሰር መሆኑ በናሙና መረጋገጥ አለበት፤ በቀጥታ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ግን ምስሉ ግልጽ ከሆነ ናሙና ግዴታ አይደለም። ሐሞቱም መውረድ አለበት፤ በኢንዶስኮፒ የሚገባው የፕላስቲክ ስቴንት በሦስት ወር ገደማ ይደፈናልና ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ቤት ሆኖ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ምልልሱ ነው። ፎልፊሪኖክስ የተባለው ጠንካራው ድብልቅ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ጀምሲታቢን ቀለል ቢልም በየሳምንቱ የሚያስመጣ ነው። ከቢቸና ወይም ከዳንግላ የሚመላለስ ሰው ማደሪያ፣ አስታማሚና የመኪና ኪራይ አብሮ ያስባል፤ አዲስ አበባ ከሆነም የዓባይን በረሃ ደካማ ሰው ይዞ ደጋግሞ መሻገር ነው፤ ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያለፈ መንገድ። ሁለተኛው ዙር ላይ ገንዘብ አልቆ የሚቋረጥ ኬሞ ከሁለቱም አማራጮች የከፋ ነው፤ ስለዚህ የመጓጓዣው ሒሳብ ከሕክምናው ሒሳብ ተለይቶ አይታይም።

ኬሞ ከተጀመረ በኋላ የሚደገመውን ሲቲ ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነጥቡ ሳይለወጥ ከቆየ ወደ ጠባሳነት ያደላል። ከቆሽቱ እብጠት ጋር አብሮ ካነሰ ሥርጭት የነበረ መሆኑን ያስጠረጥራል፤ ለቤተሰቡ የምሥራች የሚመስለው ይህ ውጤት ለሐኪሙ ተቃራኒውን ሊያመለክት ስለሚችል በግልጽ መወያየት ያሻል። የቆሽቱ እብጠት እያነሰ ነጥቡ ብቻውን ካደገ ደግሞ ካንሰር ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ቲቢ መታሰብ አለበት፤ ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም የተኛ ቲቢ ይነቃልና።

በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሆን ኬሞ ከቀዶ ሕክምና ጋር መኖሩ ብዙ ለውጥ ያመጣል። በፈረንሳይና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አቅም ላላቸው ታካሚዎች የተሻሻለው ፎልፊሪኖክስ ሲሰጥ ግማሾቹ ከ54.4 ወር በላይ፣ ጀምሲታቢን ብቻ ሲሰጥ ደግሞ ከ35 ወር በላይ መኖራቸውን አሳይቷል።

ጥቂት ሳምንት መጠበቅ

«ለአንድ ወር እንጠብቅና ሲቲውን እንድገመው» የሚለው ምክር አስተዋይ ይመስላል፤ ለትንሽ ኖዱል ግን ከአምስቱ ደካማው ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። አንድ ኖዱል ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ የሚጨምረው በ26 በመቶ ብቻ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 6.3 ይሆናል። በ60 ቀን እጥፍ የሚሆን ፈጣን ሥርጭት እንኳ በ30 ቀን ከ5 ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። በሁለት ሲቲዎች መካከል ያለው የመለኪያ ልዩነት ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አንድ ወር ተጠብቆ የሚገኘው ምስል ስለ ሳንባው ምንም ሳይናገር፣ የቆሽቱ እብጠት ወደ ደም ሥሩ ሊጠጋና ታካሚውም ይበልጥ ሊከሳ ጊዜ ይሰጠዋል። ጥበቃ ትርጉም የሚኖረው ኖዱሉ ባቄላ ሲያክል ወይም ቀዶ ሕክምናው በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ምግብ ለመመለስ ወይም ስኳርን ለማስተካከል፣ የግድ የሚዘገይ ሲሆን ነው።

ከኖዱሉ ናሙና መውሰድ

ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ በሳንባው ጠርዝ የተቀመጠና መልኩ የሚያጠራጥር ነጠላ ኖዱል መልስ ካገኘ ውሳኔውን ሁሉ ይለውጣል፤ እንዲህ ባለው ላይ በሲቲ እየታየ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይገባል። ከተቻለ ናሙናው ለካንሰር ብቻ ሳይሆን ለቲቢም እንዲመረመር አስቀድሞ መነገር አለበት፤ አንድ መርፌ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነው ግን መርፌው ዒላማውን ሊስት ይችላል፣ ያልተገኘ ካንሰርም አለመኖሩን አያረጋግጥም። ከ5 ሰዎች በአንዱ ያህል ደግሞ አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባል፤ ጥቂቶቹ የደረት ቱቦ ያስፈልጋቸዋል። ቁራሹን በደረት ቀዶ ሕክምና ማውጣት የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን በአንድ ሰሞን ሁለት ቀዶ ሕክምና የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ፔት ስካን ይነሣ» ብሎ መደወሉ የተለመደ ነው። ፔት ከ8 ሚሊ ሜትር ያነሰን ኖዱል በአስተማማኝ አያይም፤ ቲቢ ያለበትን ደግሞ ልክ እንደ ካንሰር አብርቶ ያሳያል። በእኛ አገር ለትንሽ ኖዱል ቤት ንብረት ሸጦ የሚፈለግ ምርመራ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናውን መተው

ይህ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ በሁለቱም ሳንባ የተበተኑ፣ ክብና እያደጉ ያሉ ኖዱሎች ሲኖሩ፣ ናሙናው ሥርጭት መሆኑን ሲያረጋግጥ ወይም ጉበትና የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲያዙ። ያኔ የሚሰጠው ሐሞትን በስቴንት ወይም በማሻገሪያ ቀዶ ሕክምና ማውረድ፣ አቅም ላለው ኬሞ፣ ሕመምን ሞርፊንን ጨምሮ በበቂ መድኃኒት ማስታገስ ነው። ይህ «ወደ ቤት ውሰዱት» ከማለት የተለየ ሕክምና ነው።

ለታካሚው መንገርና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ልጆች «ለአባባ እንዳይነገረው» ብለው ሐኪሙን በኮሪደር የሚለምኑበት ጊዜ ብዙ ነው። የልጆቹ ርኅራኄ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከላይ የተነጻጸሩት መንገዶች ሁሉ ምርጫቸው በታካሚው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ለወራት ኬሞ መመላለስን ወይስ አንዴ ከባድ ቀዶ ሕክምና መግባትን እንደሚመርጥ፣ ለዕርሻውና ለቤቱ ምን ሊያዘጋጅ እንደሚሻ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለ ሳንባው ነጥብ «ምንነቱ ገና ያልተለየ፣ የቀድሞ ጠባሳም ሊሆን የሚችል» ብሎ እውነቱን በልኩ መንገር ይቻላል።

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቀጣዩ ኬሞ በ12 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከኬሞው በፊት የሚነሣው የደረት ሲቲ ለኖዱሉም ሁለተኛ መለኪያ ስለሚሆን የተለየ ጉዞ አያሻም። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ልዩነት ከሆድ ሲቲው ጋር አብሮ ይነሣል። በተቻለ መጠን በአንድ ማሽን፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ቁርጥ እንዲነሣ፣ ውጤቱም «ትንሽ ኖዱል» ከሚል ይልቅ ልኩን በሚሊ ሜትርና ቦታውን በሳንባ ክፍል ስም እንዲጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምስሉ በሲዲ ወይም በፍላሽ ተገልብጦ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ በሌላ ሆስፒታል ያለ ራዲዮሎጂስት ከወረቀቱ ብቻ ሊያነጻጽር አይችልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነም ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ያለውን የሪፈር ወረቀት በቅደም ተከተል ይያዝ። ሲዲውን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የቀድሞውን ራጅ በአንድ ፌስታል አድርጎ የሚይዝ አንድ የቤተሰብ አባል ከመጀመሪያው ቢመደብ ጥሩ ነው፤ አስታማሚ በተለዋወጠ ቁጥር ፊልም የሚጠፋው በቅብብሎሽ ነውና።